የታችኛው መንጋጋ ስንት አጥንት ነው? ስለ አጥንት መገጣጠሚያዎች ዕውቀት ታሪክ

በግ ወይም በሬ ሲታረድ ሥጋውን የሚበልት ሰው ቢላዋውን በአጥንቱ መካከል አያሳርፍም። አጥንትና አጥንት የሚገናኙበትን ቦታ በጣቱ ዳስሶ ያገኛል፤ የስለቱንም ጫፍ በዚያ ሲያስገባ ቅልጥሙ ከታፋው፥ ታፋውም ከዳሌው ያለ ብዙ ድካም ይላቀቃል። ዶሮ ወጥ የምትሠራ ባለሙያ ሴትም ዶሮዋን 12 ብልት አድርጋ የምታወጣው አጥንት እየሰበረች ሳይሆን መገጣጠሚያውን እየተከተለች ነው። ስለዚህ የመገጣጠሚያ ዕውቀት በመጽሐፍ ከመጻፉ በፊት በቢላዋ ይታወቅ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ ሊቃውንት የተባሉት ሰዎች ከአንድ ሺሕ ሦስት መቶ ዓመት በላይ የገዛ መንጋጋቸውን አጥንት ቁጥር ተሳስተው መኖራቸው የሚያስደንቅ ነው። የሰው የታችኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንቶች የተሠራ፥ አገጭም ላይ መገጣጠሚያ ያለው ነው ተብሎ ሲጻፍና ሲነበብ ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ያ ስሕተት ከየት እንደመጣ፥ እነማን እንደተመለከቱት፥ መገጣጠሚያም በውስጡ ምን እንደሆነ ቀስ በቀስ እንዴት እንደታወቀ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ መገጣጠሚያ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዛሬው ትምህርት የአጥንት መገጣጠሚያዎች አጥንቱን ከአጥንት በሚያያይዘው ነገር መሠረት በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን በጠንካራ ጭረት የተሰፋ ያህል የተያያዘ ስለሆነ አይንቀሳቀስም ወይም በጭንቅ ይንቀሳቀሳል፤ የራስ ቅል ስፌቶች እንዲህ ናቸው፤ ጥርስም በድዱ አጥንት ውስጥ የቆመው በዚሁ ዓይነት ነው። በሁለተኛው ወገን በአጥንቶቹ መካከል ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ አጥንት ይገኛል፤ በጀርባ አጥንት አንጓዎች መካከል ያለው ትራስ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሦስተኛው ወገን ሁላችንም መገጣጠሚያ ሲባል የምናስበው፥ ጉልበት፥ ክርን፥ ትከሻና ዳሌ የሚገኙበት ነው። በዚህኛው የአጥንቶቹ ጫፎች በካርቲሌጅ ተለብጠው፥ ዙሪያቸውን በከረጢት ታጥረው፥ በመካከላቸውም የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ።

ይህ ሦስተኛው ወገን ደግሞ እንደ እንቅስቃሴው ዓይነት ብዙ ነው። የዳሌው እንደ ኳስ በጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል፤ የክርኑ እንደ በር ማጠፊያ ወዲያና ወዲህ ብቻ ይላል፤ በአንገት የመጀመሪያውና ሁለተኛው አንጓ መካከል ያለው ደግሞ እንደ እንዝርት ዙሮ ራሳችንን ግራና ቀኝ እንድናዞር ያደርጋል። በዚህ አጋጣሚ በብዙ ሰው ዘንድ የሚገኘውን አንድ አሳሳች አስተያየት ማንሣት ይገባል። የፈረስ የኋላ እግር ጉልበት ወደ ኋላ ይታጠፋል የሚሉ አሉ። ወደ ኋላ የሚታጠፈው ግን ጉልበቱ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱ ነው። እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ በሆዱ አጠገብ የሚገኝ ሲሆን እንደ እኛው ወደ ፊት ነው። የፊት እግሩ ጉልበት የሚባለውም በእኛ አካል የእጅ አንጓ የምንለው ነው። ፈረስ ማለት በአንድ ጣት ጫፍ የቆመ እንስሳ መሆኑን ያወቀ ሰው ሁሉንም መገጣጠሚያ በየቦታው ለማግኘት አይቸገርም።

ስለ መገጣጠሚያዎች ከተጻፉት ጥንታውያን መጻሕፍት መካከል ስሙ የገነነው በሂፖክራትስ ስም ከተላለፉት የግሪክ የሕክምና ድርሳናት አንዱ ሲሆን ርእሱም «ስለ መገጣጠሚያዎች» ነው። መጽሐፉ በይበልጥ የሚናገረው ስለ ውልቃት ነው። የወለቀ ትከሻን ለመመለስ ሐኪሙ በሽተኛውን በጀርባው አስተኝቶ፥ ተረከዙን በብብቱ ሥር አስደግፎ፥ እጁን እንዲስብ ያስተምራል። የእኛን አገር ወጌሻ ሥራ ያየ ሰው ይህን ሲያነብ እንግዳ ነገር አያጋጥመውም፤ ሁለቱም አጥንቱን ሳያዩ በእጅ ብቻ የሚያውቁ ናቸውና። ከዚህም ሌላ በዚያው መጽሐፍ አንድ የገበሬ አስተውሎ አለ። በሬዎች ከሌላው ጊዜ ይልቅ በክረምታቸው መጨረሻ፥ መኖ አጥተው በሚከሱበት ወራት፥ ዳሌያቸው ይወልቃል ይላል። ምክንያቱም መገጣጠሚያውን ደግፎ የሚይዘው ሥጋ ስለሚሟሽሽ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ መገጣጠሚያ አንድ ትልቅ ነገር ማግኘቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ይኸውም አጥንትን በቦታው የሚያጸናው የአጥንቱ ቅርጽ ብቻ አለመሆኑ ነው።

የጥንት ግሪኮች የነበራቸው አንድ ችግር በእኛም ቋንቋ ይገኛል። እኛ ጅማት ስንል ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፥ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ማለታችን ነው፤ ሥር ስንልም የደሙን መንገድ እንዲሁም ስሜት የሚተላለፍበትን ነርቭ አንድ አድርገን የምንጠራበት ጊዜ አለ። በጥንታዊው ግሪክኛም ነርቭ የሚለው ስም የወጣበት ቃል በመጀመሪያ ጅማት ማለት ነበር። ሁለቱ የተለዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት፥ ሄሮፊሉስና ኤራሲስትራቱስ የተባሉ ሐኪሞች በእስክንድርያ የሰው ሬሳ ከፍተው ለመመርመር በቻሉበት ጊዜ ነው። ከእነርሱ በኋላ ግን ይህ ፈቃድ ቀረ፤ የቀረበትም ዘመን ረጅም ሆነ።

ጋሌን የመጣው በዚህ በተዘጋ ዘመን ነው። በ129 ዓ.ም. ገደማ በጴርጋሞን ተወለደ፤ በዚያም ለትርኢት በሰይፍ ለሚዋጉት ግላዲያተሮች ሐኪም ስለነበረ የተከፈተ ጉልበትና የተሰነጠቀ ትከሻ ለማየት ዕድል አግኝቷል። በኋላም በሮማ ለነገሥታቱ ሐኪም ሆነ። በመንግሥቱ ግዛት የሰው ሬሳ መክፈት የማይቻል ስለሆነ አሳማ፥ ፍየል፥ በሬ፥ በይበልጥም በሰሜን አፍሪካ የሚገኘውን ጭራ የለሽ ዝንጀሮ እየከፈተ ተመራመረ። ይሁን እንጂ ጋሌን የእንስሳ አጥንት የሰውን አጥንት ሊተካ ይችላል ብሎ የረካ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹን የሰው አጥንት በዓይናቸው ያዩ ዘንድ ቢቻላቸው እስክንድርያ ድረስ እንዲሄዱ መክሯቸዋል። ኋላ የተነሡት ተከታዮቹ መጽሐፉን ሲይዙ ይህን ምክር ግን ዘነጉት።

ለጀማሪዎች ስለ አጥንት በጻፈው አጭር መጽሐፍ ጋሌን መገጣጠሚያዎችን በየወገናቸው ለየ። የሚንቀሳቀሱትን ከማይንቀሳቀሱት፥ ተገናኝተው የሚኖሩትን አንድ ሆነው ከሚያድጉት ከፈለ። ስሞቹም ከእጅ ሥራ የተወሰዱ ናቸው። ለክርኑ የሰጠው ስም የበር ማጠፊያ ማለት ነው፤ የጥርሱ አቋቋም እንደ ተመታ ችንካር፥ የራስ ቅሉም መጋጠሚያ እንደ ስፌት ተባለ። ይህ አከፋፈልና አብዛኛው ስም እስከ ዛሬ ድረስ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያስደስተው በሥጋ ብቻ የሚያያዙ አጥንቶች ብሎ ለብቻ ያስቀመጠው ወገን ነው። የበግን ወርች ከደረቱ የለየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቢላዋው በዚያ ቦታ አንድም አጥንት አያገኝም። በግና በሬ፥ ፈረስም፥ እንደ እኛ ያለ የብርኩማ አጥንት ስለሌላቸው የፊት እግራቸው ከግንዳቸው ጋር የሚያያዘው በጡንቻ ብቻ ነው። ከባዱ በሬ በፊት እግሮቹ መካከል በሥጋ ማዘያ የተንጠለጠለ ያህል ነው ማለት ነው።

ይኸው ጥንቁቅ ሰው የታችኛውን መንጋጋ አገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ናቸው ብሎ ጻፈ። ሥራዎቹ በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ በሁነይን ኢብን ኢስሐቅና በረዳቶቹ ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ ተተረጐሙ። ከዚያም ኢብን ሲና ታላቁን የሕክምና መጽሐፉን ሲያዘጋጅ ስለ መንጋጋው የጋሌንን ቃል ተከተለ። የእርሱም መጽሐፍ በላቲን ተተርጕሞ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ተነበበ። እንዲህ እያለ አንዱ ስሕተት በሦስት ቋንቋ ተጓዘ።

ስሕተቱን ፊት ለፊት ያየው ሰው በ1162 በባግዳድ የተወለደው ሐኪምና ፈላስፋ ዐብዱል ለጢፍ ነው። ወደ ግብጽ ሄዶ በካይሮ ያስተምር በነበረበት ጊዜ፥ በ1200፥ የዐባይ ሙላት እጅግ አነሰ። የዐባይ የክረምት ሙላት የሚመጣው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ዝናም ስለሆነ፥ በዚያ ዓመት በእኛ ተራሮች ላይ የቀረው ዝናም በግብጽ ሜዳ ላይ ሞት ሆነ ማለት ነው። ረኃቡ እስከ 1202 ቆየ፤ ቸነፈርም ተከተለው። ዐብዱል ለጢፍ በግብጽ ላይ በጻፈው መጽሐፍ ስለዚያ ጊዜ ያሰፈረው ነገር ለማንበብ የሚከብድ ነው፤ ሰዎች ሕፃናትን እስከ መብላት ደርሰው ነበር።

ሬሳውን የሚቀብር ስለጠፋ አጥንት በየሜዳው ተከመረ። ዐብዱል ለጢፍ የጋሌንን መጽሐፍ ያስተምራቸው የነበሩት ተማሪዎች ከቃሉ ብቻ ለመረዳት ተቸግረው ነበርና፥ አል መቅስ በተባለው ቦታ የሰው አጥንት እንደ ኮረብታ ተከምሮ መኖሩን ሲሰማ ይዟቸው ወጣ። በዚያም የታችኛውን መንጋጋ መረመሩ። አንድ አጥንት ሆኖ አገኙት፤ አገጩ ላይ ስፌትም መገጣጠሚያም የለም። አንድ ወይም ሁለት አይቶ አልተመለሰም፤ ደጋግሞ ተመለከተ፥ ሌሎች ሰዎችም እንዲመለከቱ አደረገ፤ የታዩት የራስ ቅሎች ከ2,000 በላይ እንደሚሆኑ ጽፏል። ጋሌንን ግን አልናቀውም። በምርመራውና በጥንቃቄው ከፍተኛ ደረጃ ላይ የነበረ ሰው መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፥ በዓይን የታየው ከእርሱ ቃል ይልቅ ሊታመን ይገባል ሲል ፈረደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ነገር ይህ ነው። ዕውቀቱ የተገኘው ሕዝብ ባለቀበት ሥፍራ ነበር፤ ከተገኘም በኋላ የሰማው ጥቂት ነው። መጽሐፉ በላቲን ሙሉ ትርጕም የታተመው በ1800፥ ሲልቬስትር ደ ሳሲ የተባለው ሊቅ በፈረንሳይኛ ያወጣውም በ1810 ነው። ስለዚህ አውሮፓውያን ያንኑ ነገር ለማግኘት እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት ነበረባቸው።

የተነሣውም በ1514 በብራስልስ የተወለደው አንድሬያስ ቬሳሊየስ ነው። ከ1537 ጀምሮ በፓዱዋ አስተማሪ ሆኖ በገዛ እጁ ሬሳ እየከፈተ ያስተምር ነበር። እርሱም ቢሆን ከመጽሐፉ በአንድ ቀን አልተላቀቀም፤ በ1538 ባሳተማቸው ስድስት ሥዕሎች ጉበትን በአምስት የተከፈለ አድርጎ አሳይቷል፤ ይህም ከመጽሐፍ የመጣ እንጂ በሰው ሬሳ ውስጥ ያየው አይደለም። ዓይን የለመደውን ያያልና። በ1540 ግን በቦሎኛ የሰውንና የዝንጀሮን አጽም ጎን ለጎን አቁሞ፥ ጋሌን የጻፈው በዝንጀሮው እንጂ በሰው ላይ አለመገኘቱን ለተሰብሳቢው አሳየ። በ1543 በባዝል ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ፥ ገና የ28 ዓመት ሰው ሳለ፥ የሰው የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት መሆኑን በሥዕል አስደግፎ አረጋገጠ። የደረቱ አጥንትም እንደ ጋሌን ሰባት ሳይሆን ሦስት ክፍል እንዳለው ገለጸ።

በፓሪስ አስተማሪው የነበረው ሲልቪየስ በዚህ ተቈጣ፤ በ1551 ባሳተመው ጽሑፍ የቀድሞ ተማሪውን በስሙ እያላገጠ እብድ አለው። ጋሌን የጻፈውና ዛሬ የሚታየው የማይስማማ ከሆነ ከጋሌን ዘመን ወዲህ የተለወጠው የሰው አካል ነው ብሎ እስከ መከራከር ደረሰ። ዛሬ ሲሰማ ያስቃል፤ ነገር ግን መጽሐፍን ከነሙሉ ክብሩ ለማዳን የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ በዚህ መንገድ እንደሚሄድ ልብ ይሏል።

አሁን ጋሌን ያንን መገጣጠሚያ ከየት አመጣው የሚለውን መመለስ ይቻላል። በውሻ ታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኙ አገጭ ላይ በጭረትና በካርቲሌጅ ተያይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ሆኖ ይኖራል፤ ሲያኝክም ሁለቱ ወገኖች ጥቂት በየራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። በከብትም ለረጅም ጊዜ ሳይዋሐድ ይቆያል። በፈረስና በአሳማ ግን ገና በግልገልነት አንድ ይሆናል። በሰውስ? ሕፃን ሲወለድ መንጋጋው በእርግጥ ሁለት ነው፤ የሚዋሐደው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። እናቶች ቅቤ የሚቀቡት እርግብግቢት ደግሞ የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና ያልተገናኙበት ሥፍራ ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ በ18 ወር ገደማ ይደፈናል። በዚያም ዙሪያ ያሉት ስፌቶች በስተርጅና ብዙዎቹ ይጠፋሉ። እንግዲህ መገጣጠሚያ በዕድሜ የሚወለድና የሚያልፍ ነገር ስለሆነ፥ ስንት አጥንት አለ ለሚለው ጥያቄ የየትኛው እንስሳ፥ በስንት ዓመቱ ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ከቬሳሊየስ በኋላ ጥያቄው ከቁጥርና ከቅርጽ ወደ ውስጥ ገባ። በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለውን፥ የእንቁላል ነጭ የሚመስለውን ፈሳሽ ሲኖቪያ ብሎ የሰየመው ፓራሴልሰስ ነው። በ1691 ክሎፕተን ሃቨርስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ፈሳሹን የሚያመነጩ ዕጢዎች አገኘሁ ብሎ ጻፈ። ዕጢ ያላቸው ነገሮች እንኳ የስብ እጥፋቶች መሆናቸው ኋላ ታውቋል፤ ሆኖም ፈሳሹ የማለስለስ ተግባር እንዳለው ማስረዳቱ ትክክል ነበር። በ1743 ደግሞ ዊልያም ሀንተር ለለንደን የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የካርቲሌጅን አሠራር ገለጸ፤ ጭረቶቹ እንደ ከፋይ ሐር ቀጥ ብለው የቆሙ መሆናቸውን፥ ካርቲሌጅም አንድ ጊዜ ከተበላሸ የማይድን መሆኑን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር አድርጎ ጠቀሰ። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። በካርቲሌጅ ውስጥ የደም ሥር የለም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከዚያው ፈሳሽ፥ መገጣጠሚያው በሚጫንበትና በሚላቀቅበት ጊዜ እንደ ስፖንጅ እየመጠጠ ነው። በጤናማ መገጣጠሚያ ያለው ሰበቃ በረዶ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ካለው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ይህን ያህል የተዋጣለት ነገር ሲጎዳ ራሱን ለመጠገን አይችልም። አያቶቻችን ጉልበቴ አለቀ የሚሉት በእርግጥም ያለቀ ነገር ስላለ ነው።

በ1836 ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች፥ ፊዚክስ አዋቂው ዊልሄልም ቬበርና የአካል ሊቁ ኤድዋርድ ቬበር፥ ስለ ሰው አረማመድ ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ብልሃተኛ ሙከራ አቀረቡ። ከሬሳ ላይ በዳሌው ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ሁሉ ቆረጡ፤ ቀጥሎም መገጣጠሚያውን የከበበውን ከረጢት ቆረጡ። እግሩ በምንም ሳይያዝ ተንጠልጥሎ ቀረ እንጂ አልወደቀም። ከዚያ በዳሌው አጥንት ውስጣዊ ወገን በኩል እስከ ጎድጓዳው የሚደርስ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አበጁ፤ አየር በገባ ጊዜ እግሩ ወደቀ። የጭኑን አናት በጎድጓዳው ውስጥ የያዘው የአየር ግፊት እንደሆነ ከዚህ ደመደሙ። በሕያው አካል ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ጅማትና ጡንቻ መሆናቸውን ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ቢያሳዩም፥ መገጣጠሚያን ከሐኪም እጅ ወደ ሜካኒክስ ትምህርት ካሸጋገሩት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ከዚሁ መንገድ የመጣው ጆን ቻርንሊ በእንግሊዝ አገር ስለ ሰበቃና ስለ ማለስለስ አጥንቶ፥ መጀመሪያ የሞከረው ቴፍሎን በፍጥነት ስለተበላበት ትቶ፥ ከ1962 ጀምሮ የብረት አናትና የፖሊኢትሊን ጎድጓዳ ያለው ሰው ሠራሽ ዳሌ ተከለ። ሀንተር አይድንም ያለው እንዲህ ባለ መንገድ ተተካ።

የመገጣጠሚያ ትምህርት ለታሪክ ራሱ ምስክር የሆነበት ጊዜ ደግሞ በአገራችን ይገኛል። በ1973 መጸው ዶናልድ ጆሃንሰን በአፋር በሀዳር ከመሬት ላይ የጉልበት መገጣጠሚያ አነሣ፤ የጭን አጥንት የታች ጫፍና የቅልጥም አጥንት የላይ ጫፍ ነበሩ። የራስ ቅል አልተገኘም፥ ጥርስም አልተገኘም። የሁለቱ አጥንቶች አገጣጠም ግን በቂ ነበር። የቺምፓንዚ የጭን አጥንት ከዳሌ እስከ ጉልበት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የሰው ግን ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ በአንድ እግር በሚቆምበት ቅጽበት ጉልበቱ ከሰውነቱ ክብደት በታች እንዲውል ነው። የሀዳሩ ጉልበት ያጋደለ ነበር። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በሚቀጥለው ዓመት፥ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ በዚያው በሀዳር ድንቅነሽ ተገኘች፤ የወገኖቿ የራስ ቅል አንጎል መጠን ከቺምፓንዚ ብዙ የማይበልጥ ሲሆን፥ ዳሌዋና ጉልበቷ ግን በሁለት እግር የሚሄድ ፍጡር ዳሌና ጉልበት ነው። በ1978 ደግሞ የሜሪ ሊኪ የምርምር ጓድ በታንዛኒያ በላኤቶሊ በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የቀሩ፥ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው የሁለት እግር ዱካዎች አገኘ፤ ከሀዳሩ ጉልበትም በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው።